የማሰሮ ካክተስ ጠባሳና የውሃ ችግር፦ መንስኤውን ለይቶ ማከም

ካክተስ ሲጨማደድ ወይም ቀለሙ ሲቀየር የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃ ነው። ችግሩ፣ ሥሩ የበሰበሰ ካክተስም ልክ እንደ ተጠማው መጨማደዱ ነው። ሥር ከሌለው ውሃውን የሚጠጣበት መንገድ የለውም፤ የፈሰሰለት ውሃ አፈሩ ውስጥ ተቋጥሮ የተረፉትንም ጥቂት ሥሮች ያበሰብሳቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፦ አፈሩንና ሥሩን ሳያዩ አያጠጡ። ያደገ የበረሃ ካክተስ ምርመራው እስኪያልቅ አንድና ሁለት ሳምንት ሳይጠጣ ቢቆይ አይጎዳም። ብስበሳ ግን በዚያው ጊዜ ተክሉን ሊጨርሰው ይችላል።

ሁለተኛው ደንብ በቀለም አለመፍረድ ነው። ቡናማ ቀለም ከእርጅናም፣ ከፀሐይም፣ ከተባይም፣ ከብስበሳም ይመጣል። መንስኤውን የሚለዩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ምልክቱ ያለው በየትኛው የተክሉ ክፍል ላይ ነው? ሲነካ ደረቅና ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ከቀን ወደ ቀን ይሰፋል ወይስ ባለበት ቆሟል?

ምርመራውን መጀመር

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ቀጭን ደረቅ የእንጨት ስንጥር፣ ነጭ ወረቀት፣ ማርከር፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ስለታም ቢላና ወፍራም ጓንት ይበቃሉ። ተክሉ በለስን የመሰለ ጠፍጣፋ አካል ያለው ኦፑንቲያ ከሆነ ግን በጓንት አይተማመኑ። ጸጉር የሚያህሉት ጥቃቅን እሾሆቹ በጨርቅ ያልፋሉ፣ ቆዳ ውስጥም ተሰብረው ይቀራሉ። እሱን በመቆንጠጫ ወይም ደጋግሞ በታጠፈ ጋዜጣ ይያዙት።

ማሰሮውን ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጠው ዙሪያውን ቀስ እያሉ ያዙሩት። ምልክቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ፀሐይን፣ ግጭትን ወይም ውርጭን ይጠርጥሩ። ከአፈሩ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ወይ እርጅና ነው ወይ ብስበሳ። አናቱ፣ አዲሱ እድገት የሚወጣበት ቦታ፣ ከተበላሸ ተባይ ይፈለጋል። ለውጡ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ደግሞ ነገሩ የውሃ፣ የሥር ወይም የብርሃን ነው።

ቀጥሎ በእርሳስ ደንዛዛ ጫፍ በእሾሆቹ መካከል ቀስ ብለው ይጫኑ፤ መጀመሪያ ጤናማውን ቦታ፣ ከዚያ ምልክቱን። ጤናማ አካል ይገፋል። ጠባሳ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ብስበሳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አንዳንዴም ፈሳሽ ያወጣል፣ ይሸታል።

አሁንም ካልለየ የምልክቱን ጠርዝ በማርከር በነጥብ ከበው ቀኑን ማሰሮው ላይ ይጻፉ። ከሦስት ቀን በኋላ ይመልከቱ። ምልክቱ ነጥቦቹን አልፎ ከሄደ ሕያው ችግር ነው፤ እርምጃ ይፈልጋል። ካልተነቃነቀ ጊዜ አለዎት። ዕለት ዕለት በዓይን እያዩ “የሰፋ ይመስለኛል” ከማለት ይህ በብዙ ይሻላል።

ሕመም ያልሆኑ ምልክቶች

በዕድሜ የገፋ ካክተስ ከግንዱ ግርጌ ጀምሮ ቡሽ መሳይ ቡናማ ወይም ግራጫ ቅርፊት ያበጃል። ደረቅና ጠንካራ ነው፣ በዓመታት ሂደት ወደ ላይ ይወጣል፣ ከአረንጓዴው ጋር የሚገናኘው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ነው። ይህ ተክሉ ክብደቱን ለመሸከም የሚያደርገው ስለሆነ አይፋቅ፣ አይታከም። ከብስበሳ የሚለየው በጥንካሬው ነው፤ የበሰበሰ ግርጌ ሲጫኑት ይገባል፣ ተክሉን ቀስ ብለው ሲነቀንቁትም አፈሩ ውስጥ ይወዛወዛል።

አስትሮፊተም የሚባለው ዝርያ ገላው ላይ የተረጩት ነጫጭ ነጥቦች የራሱ ጥቃቅን ጸጉሮች ናቸው። ሚርቲሎካክተስና ፒሎሶሴሪየስ ላይ ያለው ሰማያዊ ዱቄት ደግሞ ከፀሐይ የሚከላከል ሰም ነው፤ በጣት ከተጠረገ ያ ቦታ መልሶ አይሸፍንም። ሜሎካክተስ ሲጎለምስ አናቱ ላይ የሚያወጣው ጸጉራም ቆብ አበባ የሚያወጣበት ክፍል እንጂ በሽታ አይደለም። በአፈሩ ላይና በግንዱ ግርጌ የሚጋገር ነጭ ቅርፊት ከጨዋማ ውሃ የቀረ ማዕድን ነው። ይህኛው ተክሉን ወዲያው ባይገድልም አፈሩ መቀየር እንዳለበት ይነግራል።

የፀሐይ ቃጠሎ

መለያው አቅጣጫው ነው። ፀሐይ በሚመታው ጎን ብቻ መጀመሪያ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ሰፊ ቦታ ይታያል፤ ከሳምንታት በኋላ ደርቆ የገለባ ቀለም ያለው ጠባሳ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ተክሉ ከቤት ውስጥ በድንገት ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ማሰሮው ሲዞር፣ ወይም አየር በማይዘዋወርበት መስታወት ጀርባ ሲቀመጥ ነው። ካክተስ የፀሐይ ተክል ነውና ይህ ብዙዎችን ያስገርማል። ነገር ግን ጥላ ውስጥ የሰነበተ ቆዳ መከላከያውን አላደሰም።

የተቃጠለው ቦታ ዳግም አረንጓዴ አይሆንም። ሕክምናው ተክሉን ወደ ጨለማ መውሰድ ሳይሆን የተጣራ ብርሃን ማግኘት ነው። ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚያጠላ መረብ ሥር አኑረው በጠዋት ፀሐይ በቀን ግማሽ ሰዓት ይጀምሩና በ2 ወይም 3 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። የማሰሮውን አንድ ጎን ምልክት አድርገው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ያስቀምጡት። ቆዳው በሙሉ ወደ ቀይ ወይም ሐምራዊ ካደላ ገና አልተቃጠለም፤ እየተከላከለ ነው። ይህኛው ይመለሳል።

የተቃራኒው ምልክት መቅጠን ነው። ብርሃን ያነሰው ካክተስ አናቱ ሾጥጦ፣ ፈዝዞ፣ ወደ መስኮቱ ተስቦ ያድጋል። የቀጠነው ክፍል ተመልሶ አይወፍርም። ብርሃን ሲጨመርለት ከላዩ የሚወጣው አዲሱ እድገት ብቻ ይስተካከላል።

ተባዮች የሚተዉት ምልክት

ቀይ ሸረሪት ወይም ስፓይደር ማይት ብዙ ጊዜ ከፀሐይ ቃጠሎና ከእርጅና ጋር ይምታታል። መጠኑ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ጉዳቱ በአናቱ ለስላሳ ቆዳ ይጀምርና ዝገት የመሰለ ደቃቅ ነጠብጣብ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። የቡሽ ቅርፊት ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀይ ሸረሪት ግን ከላይ ወደ ታች ነው፤ ይህን ልዩነት ብቻ ማወቅ ብዙ ተክል ያድናል። ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዘው ተክሉን በእርሳስ መታ መታ ያድርጉት። የወደቁት ነጠብጣቦች በዝግታ ከተንቀሳቀሱ፣ በጣት ሲጨፈለቁም ቀይ መስመር ከተዉ ተገኝቷል።

ተክሉን ከሌሎች ለይተው በጠንካራ የውሃ ርጭት ያጥቡት፤ ከዚያ ለተክል የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ሳሙና ወይም በውሃ የሚበጠበጥ ድኝ ይርጩ። እንቁላሎቹ ከመጀመሪያው ርጭት ስለሚተርፉ በየ5 እስከ 7 ቀኑ ቢያንስ 3 ጊዜ ይደግሙ። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ወይም ዘይት ከተረጨ በ2 ሳምንት ውስጥ ድኝ አይርጩ፣ ቆዳውን ያቃጥላል። ሰማያዊ ዱቄት ባላቸው ዝርያዎች ላይ ሳሙናና ዘይት ሰሙን ያጥባሉ፤ ለእነሱ የውሃ ርጭትና ድኝ ይሻላል። ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ለሌሎች ነፍሳት ቢሠራም ቀይ ሸረሪትን አይገድልም።

ሚሊባግ የሚባለው ጥጥ መሳይ ተባይ በእሾሆቹ መነሻና በሸንተረሮቹ መካከል ይደበቃል። በአልኮል የራሰ የጆሮ ጥጥ እያንዳንዱን ነጭ ቁራጭ ይንኩ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ4 ሳምንት ይቀጥሉ፤ ከተነካ በኋላ ተክሉ እስኪደርቅ ከፀሐይ ይራቅ። የከፋው በሥር ላይ የሚኖረው ነው። ካክተሱ ያለ ምክንያት እድገቱ ከቆመ ከማሰሮው አውጥተው በአፈሩና በማሰሮው ግድግዳ መካከል ነጭ ሰም መሳይ ነገር ይፈልጉ። አፈር ውስጥ የሚቀላቀለው ቀላል ጠጠር መሳይ ፐርላይትም ነጭ ስለሆነ ያሳስታል፤ ፐርላይት ሲጨፈለቅ ይሰባበራል፣ ተባዩ ግን ይለጠፋል። በሥር ላይ ከተገኘ አፈሩ በሙሉ ተጥሎ ሥሩ በውሃ ይታጠባል፣ ማሰሮው በፈላ ውሃ ይጸዳል።

ቅርፊት የለበሰው ተባይ እንደ ጥቃቅን ቡናማ ወይም ግራጫ ጋሻ ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። በጥፍር ሲገፉት ከተነቀለ ተባይ ነው፤ ጠባሳ አይነቀልም። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በአልኮል አርሰው ይፈግፍጉት።

ሌሎች ነጠብጣቦችና ስንጥቆች

ክብ፣ መሃሉ የሰረጎደ፣ ጠርዙ ቀይ ቡናማ ወይም ጥቁር የሆነ ነጠብጣብ ከፈንገስ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደርቆ ከቆመ ይተዉት፤ ከሰፋ ከጤናማው ጥቂት ጨምረው ይቁረጡና የድኝ ዱቄት ይነስንሱበት። አፈሩ እየረጠበ አየሩ ከቀዘቀዘና ከታፈነ ቆዳው ላይ ትናንሽ ቡሽ መሳይ እብጠቶች ይወጣሉ። ሥሩ የሚጠጣው ተክሉ ከሚተነፍሰው ሲበልጥ ሴሎቹ ይፈነዳሉና፤ ውሃ ቀንሰው አየር ይስጡት። ከረጅም ድርቀት በኋላ ብዙ ውሃ የጠጣ ካክተስ ቁልቁል ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ በራሱ ይደርቃል፤ አይሸፈን፣ እስኪደርቅም ውሃ አይንካው። ውርጭ የመታው ቆዳ መጀመሪያ ውሃ የጠጣና እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ደርቆ ከጠነከረ ይቆያል፣ ከለሰለሰ ይቆረጣል።

የተጨማደደ ካክተስ፦ ጠምቶታል ወይስ ሥሩ ጠፍቷል?

ስንጥሩን በማሰሮው ጥግ በኩል እስከ ታች ድረስ አስገብተው 10 ደቂቃ ይተዉት። ሲያወጡት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም አፈር ከያዘ ታች እርጥበት አለ። ከላይ ያለው 2 ሴንቲሜትር አፈር መድረቁ ምንም አይነግርም። በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ላዩ አመድ ሆኖ ታቹ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

አፈሩ እስከ ታች ደርቆ፣ ሸንተረሮቹ እርስ በርስ ተቀራርበው፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ግርጌው ግን ጠንካራ ከሆነ ጠምቶታል። በደንብ ያጠጡት። ጤናማ ሥር ካለው ከጥቂት ቀናት እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ካልሞላ ሁለተኛ አያጠጡ፤ ሥሩን ያውጡና ይዩ።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከተጨማደደ ግን መልሱ አንድ ነው፦ ሥሩ አይሠራም። ዛሬውኑ ይውጣ።

ሦስተኛ ሁኔታም አለ። ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ዕፅዋት) የበዛበት አፈር አንዴ ጥርቅም ብሎ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፤ የፈሰሰው ውሃ በማሰሮው ግድግዳ በኩል ወርዶ በቀዳዳው ይወጣል፣ መሃሉ ድርቅ እንዳለ ይቀራል። ባለቤቱ በየሳምንቱ እያጠጣ ተክሉ ይጠማል። ማሰሮውን እስከ ግማሹ ውሃ ውስጥ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ነክረው ያንጠፍጥፉት፤ በሚቀጥለው የእድገት ወቅት አፈሩን ይቀይሩ።

ሥሩን አውጥቶ መመርመር

1. ተክሉን በታጠፈ ጋዜጣ ከብበው ማሰሮውን ያዘንብሉ፣ ጎኑን መታ መታ እያሉ ያውጡት። ግንዱን አይጎትቱ።

2. አፈሩን በጣትና በስንጥር ያራግፉ። ጭቃ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት።

3. እያንዳንዱን ሥር በቀስታ ይጎትቱ። ሕያው ሥር ነጭ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ይለጠጣል እንጂ አይላላም። የበሰበሰው ሥር ውጫዊ ሽፋኑ እንደ እጅጌ ተንሸራትቶ ይወጣና ውስጡ ክር ብቻ ይቀራል።

4. የሞተውን በአልኮል በተጠረገ መቀስ እስከ ጤናማው ድረስ ይቁረጡ።

5. ጥላና አየር ባለበት ቦታ ከ5 እስከ 7 ቀን ያድርቁት። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ብስበሳውን ራሳቸው ይመልሱታል፤ የተቆረጠ ሥር ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ከነካ ፈንገስ በቁስሉ ይገባል።

6. በደረቅ አዲስ አፈር ይትከሉ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ከ7 እስከ 10 ቀን በኋላ ይስጡ።

ግንዱ ከበሰበሰ

ግርጌው ከለሰለሰ ሥር ማጽዳት አይበቃም፤ ጤናማው አናት ተቆርጦ እንደ አዲስ ይተከላል። ቢላውን በአልኮል ጠርገው ከሚታየው ብስበሳ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው አግድም ይቁረጡ። የተቆረጠውን ፊት በደንብ ይመልከቱ። መሃል ላይ ያለው ክብ ውሃ የሚያስተላልፈው ክፍል ነው። ሥጋው ንጹሕ ሆኖ እዚያ ክብ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነጥብ ካለች ብስበሳው ወደ ላይ ወጥቷል። ቢላውን እንደገና ጠርገው አንድ ሴንቲሜትር ይጨምሩ፣ ፊቱ ያለ ምንም ነጥብ እስኪጠራ ይቀጥሉ። እዚህ ላይ ለመቁረጥ መሰሰት አይጠቅምም። ከረጅም ተክል 5 ሴንቲሜትር ንጹሕ አናት ማትረፍ፣ ውስጡ የተበከለ 20 ሴንቲሜትር ከማቆየት ይሻላል።

ንጹሕ ሲሆን የውጭውን ጠርዝ ዙሪያውን በሰያፍ ይሸልቱት፤ ሥጋው ሲደርቅ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ጠርዙ ካልተሸለተ ሥር የሚወጣበት መሃል አፈሩን ሳይነካ ይቀራል። የድኝ ዱቄት ነስንሰው ጥላ ባለበት ቦታ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ በጎኑ ከተኛ እየጎበጠ ያድጋል። ቀጭን ግንድ በ1 ሳምንት ይደርቃል፣ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ የሚወፍረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ፊቱ ሲነካ ደረቅና ጠንካራ ሲሆን በደረቅ ጠጠር ላይ ያስቀምጡት። ሥር ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ቀስ ብለው ሲያነሱት ከያዘ ማጠጣት ይጀምሩ።

ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ በአረንጓዴ ግንድ ላይ የተዳቀለበት ካክተስ ግን በዚህ መንገድ አይተርፍም። ኳሱ ክሎሮፊል ስለሌለው ሥር ቢያወጣም ራሱን አይመግብም። የታችኛው ግንድ ከለሰለሰ ያለው ዕድል ኳሱን በሌላ ጤናማ ግንድ ላይ ማዳቀል ብቻ ነው።

ችግሩ እንዳይመለስ፦ አፈር፣ ማሰሮና ውሃ

አንድ እጅ ኮምፖስት ያለው አፈር ከሁለት እጅ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር ጠጠር፣ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ፐርላይት ጋር ይቀላቅሉ። ደቃቅ አሸዋ አይሆንም፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ማሰሮው ከሥሩ ስፋት በ2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይብለጥ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ከታች ጠጠር ማንጠፍ ውሃ ያስወርዳል የሚለው ልማድ ስህተት ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚያልፈው አፈሩ ጠጥቶ ሲሞላ ብቻ ስለሆነ፣ ጠጠሩ እርጥቡን ንብርብር ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል።

መቼ ማጠጣት እንዳለብዎ ሚዛን በደንብ ይነግርዎታል። ማሰሮውን አጠጥተውና አንጠፍጥፈው በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ። ክብደቱ መቀነሱን አቁሞ ለ2 ወይም 3 ቀን አንድ ቦታ ከቆመ አፈሩ ደርቋል። ያን ቁጥር ማሰሮው ላይ ይጻፉ። በሙቀት ጊዜ ትንሽ ፕላስቲክ ማሰሮ እዚያ የሚደርሰው በ1 ወይም 2 ሳምንት ነው፣ ሸክላ ይቀድማል። ሲያጠጡ በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ፣ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድፉ። በየቀኑ በማንኪያ መስጠት ላዩን ብቻ አርሶ የታችኛውን ሥር ያደርቃል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወቅት የበረሃ ካክተስ ደርቆ ይቆይ።

ጠፍጣፋ ወይም ቀጭን ቅጥልጥል አካል ያላቸው ሽሉምበርጌራ፣ ኤፒፊለምና ሪፕሳሊስ የጫካ ካክተሶች ናቸው፤ በዛፍ ላይ የሚኖሩ እንጂ በበረሃ አይደሉም። ለእነሱ ላይኛው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አፈር ሲደርቅ ያጠጡ፣ ከቀጥታ የቀትር ፀሐይም ያርቋቸው። ቅጥልጥሎቹ ሲለሰልሱ ምርመራው ያው ነው፤ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ እርጥብ ከሆነ ሥር።